ገና ስም ያልወጣለት ስንዴ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ከተማዋ ሳይደርስ በቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ያልፋል። በሙከራ ማሳው ላይ ካሉት የስንዴ ዓይነቶች ብዙዎቹ ገና ስም አልወጣላቸውም፤ የሚታወቁት በቁጥር ነው።

ማዕከሉ ይህን ያላለቀ ሥራ አይደብቅም። ሰብሉ ሲያሸት በሚዘጋጀው የመስክ ቀን ገበሬዎች፣ የልማት ሠራተኞች፣ ዘር አባዢዎችና ከሌሎች ማዕከላት የመጡ ተመራማሪዎች በመደቦቹ መካከል እየተዘዋወሩ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይተቻሉ። ተመራማሪው ስለ ምርት ሲያስረዳ ገበሬው ዛላውን በመዳፉ ፈልፍሎ የፍሬውን ቀለም ያያል፤ አገዳው ነፋስ ይችል እንደሆነ፣ ገለባው ለከብት ይስማማ እንደሆነ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የምርምርን አቅጣጫ ያቃናል። እዚያው የተዋወቁ ሰዎችም በኋላ ዘርና ምክር ይለዋወጣሉ።

ልማዱ በአርሲ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አዲሱን ዘርና ማዳበሪያ በአርአያ ገበሬዎች ማሳ ላይ ያሳይ ነበር።

ግልጽነቱ የግድም ነው። ከቁሉምሳ የወጣውና በሰፊው ይዘራ የነበረው ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በግንድ ዋግ በሽታ ክፉኛ ተመታ። የዋግ ብናኝ በነፋስ ድንበር ይሻገራል፤ ስለዚህ ናሙናና ውጤት በአገሮች መካከል ቶሎ መዘዋወር አለበት።

አሰላ ላይ ግብርና የምትማሩ ወጣቶች፣ የመስክ ቀን ሲጠራ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ቁሉምሳ ውረዱ፤ ከገበሬዎቹም ጎን ቁሙ።