የኸዲጃ ጭነት ወደ አገው ምድር ቢታጠፍስ?

«እንዲህ ባይሆን ኖሮስ?» ብሎ የሚነሳ ታሪክ አመል አለበት፤ ዙፋን ወይም ጦር ሜዳ ካላገኘ አይጀምርም። አንድ ንጉሥ ይሞታል፣ አንድ ጦር ይሸነፋል፣ ዓለም ይገለበጣል። የእስልምናን የመጀመሪያ ዘመን በዚህ መልክ ልንገምት ብንነሳ የነቢዩ ሙሐመድን የመጀመሪያ ሚስት ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድን የት እናስቀምጣቸው? ፈረስ ላይ አውጥቶ ሰይፍ ማስጨበጡ ቀላል ነው። በእኔ ግምት ግን ይህ ኸዲጃን ኸዲጃ ያሰኛቸውን ነገር መግፈፍ ነው።

ልብ ወለዱም ሲኒማውም እሳቸውን ሲያልፋቸው ኖሯል። የሙስጠፋ አካድ «መልእክቱ» የተባለው የ1976 ፊልም መልካቸውን አያሳይም። አልጄሪያዊቷ አሲያ ጀባር በ1991 ስለ ጥንታዊ እስልምና ሴቶች ያሳተመችው ልብ ወለድ የሚነሳው ከነቢዩ ሕልፈት፣ ከ632 ነው፤ ኸዲጃ ከሞቱ 13 ዓመት ሆኗቸዋል።

የኢብን ሂሻም ሲራ እንደሚለው ኸዲጃ መካ ተቀምጠው ገንዘባቸውን የሚያሰማሩ ነጋዴ ነበሩ። ዕቃውን ለሚያምኑት ሰው አስጭነው ወደ ሻም፣ ወደ ሶርያ ምድር፣ ይልካሉ፣ ትርፉን በውላቸው መሠረት ይካፈላሉ፤ ዐረቦች ሙዳረባ ይሉታል። ነቢዩ ሙሐመድ በ25 ዓመታቸው ግድም ከኸዲጃ አገልጋይ ከመይሰራ ጋር ሻም ደርሰው የተመለሱት የእሳቸውን ዕቃ ይዘው ነው። የኸዲጃ ጉልበት ያለው ሰው መምረጡ ላይ ነው።

ጭነቱስ ምን ነበር? የታሪክ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ክሮን በ1987 ባሳተመችው ጥናት የዕጣንና የቅመሙን ወሬ አፍርሳ፣ የመካው ነገድ የቁረይሾች ንግድ በአብዛኛው ቆዳና ልብስን የመሰለ ተራ ሸቀጥ እንደነበር ተከራከረች። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ቆዳው ለሮማ ጦር ይቀርብ ይሆናል የሚል ሐሳብ አመጣች።

በዋግ ከተማ በሰቆጣ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያነብ ሰው «በተራ ሸቀጥ ትልቅ ገበያ ይቆማል ወይ?» ብሎ አይከራከርም። ሰቆጣን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ገበያ ያደረጋት ጨው ነው። ከአፋር ቆላ ተፈልፍሎ፣ በግመልና በበቅሎ የዋግን ዳገት የወጣ አሞሌ እዚህ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ገንዘብ ነው፤ ግን ዝናብ የሚያሟሟው፣ መንገድ ላይ ጠርዙ የሚፈረፈር ገንዘብ። የተሸረፈው እንደ ሙሉው አይቆጠርም። በሰው እጅ አሞሌ የሚያስጭን ባለገንዘብ እንግዲህ ከበቅሎው በፊት የሚያየው ነጂውን ነው። የኸዲጃን ሥራ ለመረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ለቆዳውም ቢሆን ዋግ እንግዳ አይደለም፤ የአበርገሌ ፍየል አገሯ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምንለውጠው ነገር ትንሽ ይሁን፦ ኸዲጃ አንድ ዓመት ጭነታቸውን ሻም መላኩን ትተው ቀይ ባሕርን አሻግረው ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ ቢሰዱትስ? በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ እንደጻፈው የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ሰው ይልካል፤ ነጋዴዎቹ ከ500 በላይ ሆነው በሬ፣ ጨውና ብረት ነድተውና ጭነው ሄደው በወርቅ ለውጠው ይመለሳሉ። የኮስማስ አገው የዛሬው ኽምጣና ተናጋሪ ዋግ ነው ብዬ አልሟገትም፤ ወደ ጣና የሚያስጠጉት አሉ። ለግምታችን የሚበቃው፣ በኸዲጃ ክፍለ ዘመን በአገው እጅ የሚያልፍ የጨውና የወርቅ ንግድ መኖሩ ነው።

ይህ ከሆነ በ615 ልጃቸው ሩቅያ ከባሏ ከዑስማን ጋር ወደ ሐበሻ ስትሰደድ የምታርፈው የእናቷ ደንበኞች ዘንድ ነው። ከ616 እስከ 619 ቁረይሾች በነቢዩ ወገን ላይ በጣሉት ማዕቀብ ያለቀው የኸዲጃ ሀብትም ከፊሉ ከባሕር ማዶ በተረፈ ነበር። ከዚያ ወዲያ መዲና ትቀራለች፣ አክሱም የእስልምና መናኸሪያ ትሆናለች የሚል ቢመጣ አልከተለውም፤ አክሱም ራሷ በዚያ ዘመን እየደከመች ነበር።

መንገዱ ግን ፈጠራ አይደለም። ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብን አል-ዓስን ከጓደኛው ጋር ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ ሲልኩ ያስያዟቸው እጅ መንሻ የመካ ቆዳ ነበር፤ ሐበሻ ከመካ ዕቃ አብልጦ የሚወደው እሱን ነውና። ነጃሺ ስደተኞቹን አሳልፌ አልሰጥም አሉ፤ ቆዳውንም መለሱላቸው።