ፊትና ጀርባ፦ የአማርኛ መጽሔት ሽፋንና የእንጦጦ ሁለት ምስሎች

ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» መጽሐፉ አንድ የ«ፓሪ ማች» መጽሔት ሽፋን ያነሳል። የፈረንሳይ ወታደር ልብስ የለበሰ ጥቁር ወጣት ዓይኑን ቀና አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ባርት ከምስሉ ጀርባ ለቅኝ ግዛት የቀረበ ጥብቅና አነበበ። ስለ መጽሔት ሽፋን የሚጽፍ ብዙ ሰው ከዚህ ይነሳል። የባርት መንገድ ግን አዲስ አበባ መገናኛ ድረስ አያደርሰንም። እሱ በዋናነት ያነበበው ምስሉን ነው፤ በአማርኛ ሽፋን ላይ ፎቶግራፉ ሳይናገር ግሱ ወገን ለይቶ ይጠብቃል።

አንድ ቃል እንውሰድ፤ «አልሰጡንም»። መጽሔት አዟሪው አስፋልት ዳር በዘረጋው ላስቲክ ላይ ይህ ቃል ከአንድ ባለሥልጣን ፎቶ በላይ በቀይ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ መንገደኛው ከታክሲ ሰልፉ ሳይወጣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አነበበ ማለት ነው። ሰጪው፣ እምቢታው፣ የተነፈግነው እኛ፣ ሁሉም በስድስት ፊደል ውስጥ አሉ። ከሁሉ የረቀቀችው ደግሞ «ጡ» ናት። በአማርኛ በሦስተኛ መደብ አንቱታና ብዙ ቁጥር የግስ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ አዘጋጁ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰው አክብሮ ሊሆን ይችላል፣ «እነሱ» ብሎ ሹማምንቱን በጅምላ ከስሶም ሊሆን ይችላል። አንባቢው ሁለቱንም ይሰማል፤ ጠያቂ ከመጣ አንደኛው መሸሸጊያ ይሆናል። እንግሊዝኛ የአንቱታ ግስ የለውም። የአሜሪካው «ታይም» መጽሔት አፄ ኃይለ ሥላሴን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1930፣ ኋላም የ1935 የዓመቱ ሰው ብሎ በጃንዋሪ 1936 ሽፋኑ ላይ ሲያወጣቸው፣ ለንጉሡ የሚነገረው ግስ ለዘበኛቸው ከሚነገረው አይለይም ነበር።

ንድፉም ከቋንቋው ይወለዳል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው ጩኸቱ በመጠንና በቀለም ይገለጻል። ትእምርተ ሥላቅን (¡) የመሰለ ምልክት እያለን ከሽፋኖቻችን መጥፋቱ ግን ያስቆጫል፤ ሽሙጡም ቁጣውም በአንድ ቃለ አጋኖ ታጭቋል።

የመጽሔቱ ስምም ይናገራል። «ጦቢያ» ኢትዮጵያን በአፍ አጠራሯ ይጠራል፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት ልብ ወለድም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። «ሎሚ» የጥምቀቱን ውርወራ፣ «ጃኖ» ቀዩን ጥለት ይዞ ይመጣል። በ2006 ክረምት ፍትሕ ሚኒስቴር ክስ መመሥረቱን ያስታወቀው በእነዚሁ ሁለቱ፣ በ«ፋክት»፣ በ«አዲስ ጉዳይ»ና በ«ዕንቁ» መጽሔቶች፣ እንዲሁም በ«አፍሮ ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአዟሪው ላስቲክ ሳስቷል።

ከየካ ወደ እንጦጦ ተራራ ሽቅብ ሲወጣ የስምና የግስ ጉዳይ ይከብዳል። ባሕር ዛፉ መሐል በማለዳ ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፋል፤ ዳገቱን የሚሮጥ አትሌትና ቁልቁል የምትወርድ እንጨት ተሸካሚ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እዚህ ዳገት ላይ ሠልጥኗል። ሽፋን ላይ ሲወጣ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሳቁ ይታወቃል፣ ያለ አባት ስም «ኃይሌ» መባል ይበቃዋል። «አሸነፈ» ስንለው አንዳች ንቀት የለበትም፤ የቤት ልጅ ስለሆነ ነው። ደራርቱ ቱሉም በባርሴሎና ኦሊምፒክ «አሸነፈች» ተባለች፤ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ስትሆን ግን «ኮሎኔል ደራርቱ ገለጹ» መጣ።

እንጨት ተሸካሚዋ በጀርባዋ ነው የምትነሳው። ምስሏ በፖስት ካርድም በመጽሔትም ተመላልሷል። ፎቶ አንሺው ከኋላዋ ወይም ከጎኗ ይቆማል፤ ወገቧ ጎብጧል፣ ከቁመቷ የሚረዝም የጭራሮ እስር ጀርባዋ ላይ ተጋድሟል። ለንድፍ ይመቻል፤ እስሩ ገጹን በአግድም ይሞላል፣ ለመጽሔቱ ስም ከላይ ሰማይ ይተርፋል። ከሥር «የእንጦጦ እናቶች» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይገባል። እናት ማለት ክብር ነው፤ ነገር ግን ያው ክብር ስሟን ከመጠየቅ ይገላግለናል። አትሌቱን ያለ አባት ስም የጠራነው ስለምናውቀው ነው፤ እሷን ያለ ስም የጠራናት ልናውቃት ስላልፈለግን ነው። እኔም እዚህ ድረስ «እሷ» ስል መጣሁ።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተመረቀ ወዲህ ተራራው በሌላ ምስል ይሸጣል፤ ንጹሕ መንገድ፣ ጭጋግ፣ ዛፍ። ከዚህ ምስል ተሸካሚዋ ከነጀርባዋም ጠፍታለች። ከዳገቱ ግርጌ ግን እንጨት መሸከም የተዉ ሴቶች ተደራጅተው ሸማ የሚሠሩበት ማኅበር አለ። ሸማኔ ወገቡን አጉብጦ አይወርድም፤ ተቀምጦ ይሠራል፣ ፊቱም ይታያል። የሽፋን አዘጋጆች ሆይ፣ እዚያ ሂዱ። ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሷቸው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ግሱንም በአንቱታ አድርጉት።