የተቆረጠው ጥርጣሬ፦ የወንጀል ድራማና የላቦራቶሪው እውነት ከሐሮ ወንጪ ሲታዩ

በወንጀል ድራማዎች ላይ ዘወትር የሚሰነዘረው ትችት የጊዜ ጉዳይ ነው። ከ2000 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የዘለቀው አሜሪካዊው «ሲኤስአይ» እና እርሱን ተከትለው በየዲሹ የገቡት ተከታታይ ፊልሞች ሳምንታት ሊፈጅ የሚችለውን የዲኤንኤ ምርመራ በደቂቃዎች ያጠናቅቁታል። ትችቱ እውነት ነው፤ ዋናውን ጉድለት ግን አያገኘውም። ጊዜ ማሳጠር የድራማ መብት ነው። የአንድን ሰው ዕድሜ በሁለት ሰዓት የሚተርክ ጥበብ የላቦራቶሪ ወረፋ እንዲያሳይ አይገደድም። መብቱ ያልሆነው ጥርጣሬን ቆርጦ መጣል ነው። የእኛም ሆኑ የውጭዎቹ የወንጀል ድራማዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፦ ማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚደርስበትን አያሳዩም፤ ባለሙያው «ይህን መናገር አልችልም» የሚልበትንም ሰዓት አይጽፉም።

የአማርኛ ተከታታይ ድራማ በዚህ ረገድ የራሱ ብልሃት አለው። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ተመልካቹ ከፖሊስ ቀድሞ ያውቃል። ጥያቄው «ማን አደረገው?» ሳይሆን «መቼ ይያዛል?» ነው። ይህ አሠራር ትልቅ ጉልበት አለው፤ ክፉን ሰው በገዛ ሳሎኑ፣ በፈገግታው መካከል ያሳየን እርሱ ነው። የአበበ ባልቻ ትወናም እስካሁን አቻ የተገኘለት አይመስለኝም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጥፋተኛው አስቀድሞ ከታወቀ ማስረጃ ሥራ ያጣል፤ መርማሪው የሚደክመው እኛ ያወቅነው ላይ ለመድረስ ብቻ ይሆናል። ማስረጃ የተጠረጠረን ሰው ነጻ ሊያወጣ እንደሚችል ተመልካቹ አያይም። የዲኤንኤ ምርመራ በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በግድያ ጉዳይ ላይ ሲውል በመጀመሪያ ያደረገው ግን ይህንኑ ነበር፤ ወንጀሉን አምኖ ቃሉን የሰጠ አንድ ወጣት ገዳይ አለመሆኑን አረጋገጠ።

ይህ ልማድ ከልብ ወለድ ሲወጣ አደገኛ ነው። በ2005 ዓ.ም. ኢቲቪ ያስተላለፈው «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ጉዳያቸው በፍርድ ቤት የተያዘ ሰዎችን ቃል ለሕዝብ ሲያሰማ የተጠቀመው የድራማውን ስልት ነው፦ ጥፋተኛው ታውቋል፣ የቀረው መመልከት ብቻ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያ ፕሮግራም ይህን መብት ረግጧል፤ ለዘብ አድርጌ የምገልጽበት ቃል የለኝም።

የውጭዎቹ ድራማዎች በሌላ መንገድ ሄደው እዚያው ይደርሳሉ። እነርሱ ዘንድ ሁሉን የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ፎቶ ይመጣል፣ ስም ይነበባል፣ በር ይሰበራል። የጥንቱ ሌባሻይም እንዲሁ ነበር፦ መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ልጁን «በምን አወቅህ?» የሚለው አልነበረም። እውነተኛው ላቦራቶሪ ግን ይጠየቃል። በጣት አሻራ ምርመራ ኮምፒዩተሩ ተቀራራቢዎቹን ይደረድራል እንጂ አይፈርድም፤ የሚወስነው ሰው ነው፣ ውሳኔውንም ሌላ ባለሙያ ዳግም ያየዋል። እንዲያም ሆኖ ስህተት ይፈጠራል። በ2004 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ባቡሮች ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ ኤፍቢአይ በአሻራ ለየሁት ያለውን አንድ የኦሪገን ጠበቃ ለሁለት ሳምንት ያህል አስሮታል፤ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን የደረሱበት የስፔን ፖሊሶች ናቸው።

ነገሩን በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው የደጋ ሐይቅ፣ ወደ ሐሮ ወንጪ እናምጣው። ከሐይቁ አስከሬን ወጣ እንበል። በድራማው ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ታንቆ ከሞተ በኋላ ነው የተጣለው» ይላል። በእውነቱ ዓለም ግን ሰጥሞ መሞትን ለብቻው የሚያረጋግጥ ምልክት የለም፤ ሌሎች የሞት ምክንያቶች አንድ በአንድ ከተመረመሩ በኋላ የሚደረስበት መደምደሚያ ነው። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታየው አረፋ ይጠቁማል እንጂ አይበቃም፤ በልብ ድካም በሞተ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። የደጋው ቀዝቃዛ ውሃ መበስበስን ስለሚያዘገይ የሞት ሰዓት ግምቱ ይሰፋል። ሰውየው ወድቆ ይሁን ተገፍቶ ወይም ራሱ ገብቶ፣ አስከሬኑ ብቻውን አይናገርም። ምርመራውም ቢሆን ቅርብ አይደለም። የአገሪቱ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን የሚሠራው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ በኋላ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተዛወረ። ከወንጪ ወደ አምቦም ወረዱ ወደ ወሊሶ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከዚያ ገና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

ያልተጻፈው ድራማ ያለው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ደም የነካው እርጥብ ጋቢ ዳገቱ ላይ ተገኘ እንበል። ቶሎ እጅ የሚገባው ፌስታል ነው። ፌስታል ግን እርጥበቱን አምቆ ሻጋታና ባክቴሪያ ያራባል፤ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ጋቢው ፀሐይ ሳይነካው፣ ከሌላ ልብስ ተለይቶ በነፋስ መድረቅ አለበት። ከዚያ በወረቀት ይጠቀለላል፣ ይታሸጋል፣ እሽጉ ላይ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይሰፍርበታል። ከዳገቱ ያነሣው ፖሊስ፣ በዞኑ የተረከበው መዝገብ ያዥ፣ አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ባለሙያ ሁሉም ይፈርማሉ። አንድ ፊርማ ከጎደለ ጠበቃው ተነሥቶ «ይህ ጋቢ ያ ጋቢ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላችሁ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ማሽን የለም። በሐምሌ ዝናብ፣ ማድረቂያ ክፍል በሌለው ጣቢያ፣ ያን ጋቢ ይዞ የቆመ ወጣት ፖሊስ ከማንኛውም የመኪና ማሳደድ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ትዕይንት ነው።

ትዕግሥት ምን እንደሚያስገኝ አገራችን አይታለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሙሉ አካል ባልተገኘበት ቦታ የሁሉንም ማንነት ለመለየት ኢንተርፖልን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ለእያንዳንዱ ሟች የቤተሰብ ናሙና መሰብሰብና ማመሳከር ነበረባቸው። ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተተረከለትም።

ድራማው በሕዝብ ግምት ላይ ጫና ያሳድር እንደሆነ ለማየት አሜሪካዊው ዳኛ ዶናልድ ሼልተን በ2006 እ.ኤ.አ. በሚቺጋን ለጁሪነት የተጠሩ 1 ሺህ ያህል ሰዎችን ጠይቀው 46 በመቶው በማንኛውም የወንጀል ክስ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሚጠብቁ አግኝተዋል። እኛ ጁሪ የለንም፤ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ስለዚህ የድራማው ጫና የሚያርፈው በሟች ቤተሰብ ላይ ነው። ውጤቱ ሲዘገይ «ደብቀውት ነው» ይላሉ፣ «አይታወቅም» ሲባሉ «ተገዝተው ነው» ይላሉ። ይህ ጥርጣሬ ለእርቅም እንቅፋት ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ጉማ የሚባለው የደም እርቅ የሚቆመው የገዳዩ ወገን ጥፋቱን ሲያምን ነው። እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ እርግጠኛ መምሰል ደም ከማድረቅ ይልቅ ቂም ይተክላል።

የድራማ ጸሐፊዎቻችን እንግዲህ ውድ መሣሪያና ነጭ ጋውን አያሳስባቸው። አንድ ፊርማ የጎደለበትን ፖስታ ይጻፉልን። መርማሪዋ በፍርድ ቤት ቆማ «ማስረጃው እዚህ ድረስ ይናገራል፣ ከዚህ በላይ አይናገርም» ስትል ያሰሙን። ይህን የጻፈ የመጀመሪያው ደራሲ ለፍትሕም ለጥበብም ባለውለታ ይሆናል።