የሆዳኑ ቁምሣጥን

ለካ ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር ውስጥ፣ የአንዲት እናት መኝታ ቤት ግድግዳ ሥር፣ እንዲህ ያለ ቁምሣጥን ቆሞ ኖሯል! ነጠላቸውን ሊያወጡ በሩን ሲከፍቱት አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሳላወራ አልለቅም።

እስቲ ልንገራችሁ። አጽሙ ክብ የብረት ቱቦ ነው። በግራ በኩል ከወለሉ ይነሣል፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፣ ጣሪያውን አቋርጦ በቀኝ በኩል ወለል ድረስ ይወርዳል። እጥፋቱ ላይ ብየዳ የለም፤ የተጨማደደ ቦታም የለም። ከኋላ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ አለ፣ ሁለቱን አግዳሚ ብረቶች በቡሎን ያያይዟቸዋል። ሳንቃው ምንም አይሸከምም! ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ይዞታል፤ ሳንቃው መሀል ገብቶ ቀለም ብቻ ሆኗል። ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም! የግራው በር የሰናፍጭ ቢጫ፣ የቀኙ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ጎኖቹ ግራጫ፣ ቱቦው ጥቁር፤ በሮቹ ሲከፈቱ ውስጡ ቀይ! ቀዩን ሳይ ጮህኩ። የብሩሹ ፈለግ እስከ ዛሬ በጣት ይዳሰሳል።

ሟች ባለቤታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ በነበረ ጊዜ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ የገዙት ነው ይላሉ።

የአሠራሩን ዘር ለሚያውቅ ሰው ደስታው እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ማርሴል ብሮየር የሚባል የ23 ዓመት የሀንጋሪ ተወላጅ፣ ጀርመን ደሳው ከተማ፣ ባውሃውስ በተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራውን ክፍል ይመራ ነበር። የሚነዳው አድለር ብስክሌት ነበር፤ የመሪውን እጥፋት እያየ፣ ብረት እንዲህ ከታጠፈ ለምን ወንበር አይሆንም አለ። ሆነለትም! የማኔስማን ወንድማማቾች በ1880ዎቹ ስፌት የሌለው ቱቦ መሥራት ባይችሉ ኖሮ ብረቱ ሲታጠፍ በስፌቱ ይሰነጠቅ ነበር። በ1926 የባውሃውስ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ የአዳራሹ ወንበሮች የብሮየር ነበሩ። በ1927 ሽቱትጋርት ላይ ማርት ስታምና ሚስ ቫን ደር ሮኸ የኋላ እግር የሌላቸው የቱቦ ወንበሮች ለሕዝብ አሳዩ። በ1929 ደግሞ ፓሪስ ላይ ሻርሎት ፔሪያን ከለ ኮርቡዚዬና ከፒየር ዣንረ ጋር የቤት ዕቃውን ሁሉ፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ሳይቀር፣ በብረት ሠርታ አቀረበች።

ወንበሮቹን ዓለም ያውቃቸዋል፤ ዛሬም ይመረታሉ። ቁምሣጥን ግን ሌላ ነው። ግዙፍ ነው፣ ቤት በተቀየረ ቁጥር ይጣላል፣ ፋሽን ሲያልፍበት በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ይደረብበታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀለሙን እንደለበሰ የቆየ ሳይ ልቤ ቢዘል አይፈረድብኝም። ያንን ዘመን ነጭ ግድግዳና የሚያብረቀርቅ ኒኬል ብቻ አድርገን የምናስበው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስላየነው ነው። የሆላንዱ አርክቴክት ሪትፌልት በ1924 ኡትሬክት ላይ የሠራው የሽሮደር ቤት እኮ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ያሸበረቀ ነው! ባውሃውስ ራሱ የግድግዳ ቀለም ክፍል ነበረው።

ለጅቡቲ ደግሞ እንዴት ይስማማል! እዚህ ሙቀቱና የባሕሩ ጨው ያበሩበት ዕቃ አይበረክትም። እንጨት ብቻውን ሲሸከም ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። የዚህ ቁምሣጥን ሳንቃ ቢያብጥም ቢኮማተርም አጽሙ ንቅንቅ አይልም፤ ዛሬም በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። ወለሉን የሚነካው ብረቱ ብቻ ስለሆነ ምስጥ በቀላሉ አይደርስበትም፣ ከሥሩም እንደ ልብ ይጠረጋል። ኒኬል አንዴ ከተላጠ ዝገት ሥሩ ይገባል፤ ጥቁሩን ቀለም ግን የተጫረበት ቦታ ላይ ብቻ ጠቃ ጠቃ ማድረግ ይበቃል።

አንድ የሰፈሩን በያጅ ይዤ ሄጄ አሳየሁት። እጥፋቱን በመዳፉ ደጋግሞ ዳሰሰና፣ ቱቦው እንዳይጨማደድ አሸዋ ሞልተው አግለው ይሆናል ያጠፉት አለ፤ ከዚያ ተንበርክኮ ከሥሩ ያለውን ቡሎን ሁሉ አየ። ባለሙያ ሲደነቅ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

እማማ፣ ልጆችዎ አዲስ ሊገዙልዎ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ይግዙ፣ ይህ ግን ከቤት አይውጣ። ቡሎኖቹን ትንሽ ዘይት ያስነኩልኝ፤ ብርጭቆ ወረቀት የያዘ ሰው ግን አጠገቡ አያስደርሱብኝ።