ስለ ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ የመዳብ ኅትመት

የሰው ወይም የቅዱሳን መልክ የማይታይበት ሥዕል ለብዙ ሰው ትርጉም የሌለው የቀለም ርጭት ይመስለዋል። ነገሩን ለመመርመር የሚወድ ግን በአዲስ አበባ የተወለዱትን የወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱን ኅትመቶች ቢመለከት ይበጀዋል፤ በሸራ ላይ ከሣሉት ይልቅ በመዳብ ያተሙት የአሳባቸውን መንገድ ገልጦ ያሳያልና።

ወይዘሮ ጁሊ በ1970 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. በአብዮቱ ሁከት ምክንያት ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያ አድገው፣ አንድ ዓመትም በዳካር ተምረው፣ ስማቸው በዓለም ታወቀ። በ2016 ዓ.ም. ሥራቸው በስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ለአዲስ አበባ ሰው ታየ።

በዚያው ዓመት በኮፐንሃገን ከሚገኘው ከኒልስ ቦርክ ዬንሰን ማተሚያ ቤት «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» የተባለው ኅትመታቸው ወጣ። ኤፒግራፍ ማለት በሕንፃ ወይም በሐውልት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። ስድስቱ ሉሆች ጎን ለጎን ሲቆሙ ስፋታቸው ከ5 ሜትር፣ ቁመታቸውም ከ2 ሜትር ይበልጣል። በመጀመሪያ የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ በፎቶግራፍ ጥበብ ወደ መዳብ ተላለፈ። ከዚያም በሌላ ሰሌዳ ላይ ሠዓሊዋ ስኳር በተቀላቀለበት ቀለም በብሩሽ ሣሉ፤ በላዩ መከላከያ ተቀባ፤ ውሃ ሲነካው ስኳሩ ሟሙቶ መከላከያውን ይዞ ይነሣል፤ የተገለጠውንም መዳብ አሲድ ይበላዋል። የቀለለ የሚመስለው የብሩሽ ምት ሁሉ እንግዲህ በብረት ላይ የተቃጠለ ቁስል ነው።

የብራና መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ጸሐፊ አሮጌውን ብራና ፍቆ ሲጽፍበት የፊተኛው ቀለም ከአዲሱ ፊደል በታች ደብዝዞ ይታያልና። ከቦሌ ወደ ገርጂና ወደ ሲ ኤም ሲ የሚሄድ መንገደኛም ቢሆን ቀድሞ የእርሻ ማሳ የነበረው ስፍራ ፎቅ ቆሞበት፣ የጥንቱ የእግር መንገድ ከአስፋልቱ በታች ተቀብሮ ያገኘዋል። ልዩነቱ በዚህ አሮጌውን የሸፈነው ግንባታ ሲሆን፣ በኅትመቱ ግን የደማስቆን ንድፍ የሚሸፍነው ጥቁሩ ምት በ2011 ዓ.ም. የተነሣውን የሶርያ ጦርነት የሚያስታውስ መሆኑ ነው።

በ2004 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ የታተመው «ኤንትሮፒያ» 32 ቀለማት አሉት። ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ አጥቶ ይደክማል፤ ብልሃቱ ከኀዘኑ በልጧል። በደማስቆው ቀለሙ ወደ ጥቁርና ወደ ግራጫ በመውረዱ ሥራው ከበደ። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሲያስተምር ጥቁሩና ነጩ የሰውን ፊት ይዞ ይወጣ ነበር፤ በዚህ ፊት የለም፤ ኀዘኑን የሚሸከመው መስመሩ ብቻ ነው።

ሥራው ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። ርእሱ ባይጻፍበት የትኛይቱ ከተማ እንደ ሆነች ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከስሙ ብዙ ተበድሯል። ቢሆንም ሩቅ ቆሞ ጢስ ብቻ ያየ ሰው ወደ ወረቀቱ ቢቀርብ፣ ከጥቁሩ በታች በማስመሪያ የተሰመረ ቀጭን የግንብ መስመር ያገኛል።