የፖስተር ውድድር፦ ዳኛው የሚያየውና የማያየው

ፖስተር ወደ ሳይንሳዊ ጉባኤዎች የገባው በበቂ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ በተካሄዱ የባዮኬሚስትሪ ጉባኤዎች የአቅራቢዎች ቁጥር ከመድረኩ ሰዓት በላይ ሆነ። በመሆኑም አጥኚው ሥራውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ከጎኑ ቆሞ፣ ከመጣው ሰው ጋር እንዲወያይ ተደረገ። ወረቀቱ የውይይት መነሻ ነበር።

ውድድርና ሽልማት ሲጨመሩ ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ፖስተሮችን ማየት ያለበት ዳኛ ለእያንዳንዱ የሚያውለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የፊደሉ መጠን፣ የቀለሙ ምርጫና የግራፉ ጥራት ጎልተው ይታያሉ፤ የናሙናው አመራረጥ ግን አይታይም። የኅትመት ጥራት በነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ ባይጻፍም በዓይን ይዳኛል። በዚህም ጥሩ ማተሚያ ቤት ከሌለበት ከተማ የሚመጣው መምህር ገና ሳይናገር ነጥብ ይጎድለዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው ስለ ሕክምና ትምህርት አሰጣጥ በሚቀርቡ ፖስተሮች ላይ ነው። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃዎች ከፍሎ አሳይቷል፦ የሠልጣኙ እርካታ፣ ያገኘው ዕውቀት፣ በሥራ ላይ ያሳየው ለውጥ፣ በመጨረሻም በአገልግሎቱ ላይ የመጣው ውጤት። ለጉባኤ በቶሎ የሚደርሰው የመጀመሪያው ነው፤ መጠይቅ አስሞልቶ መደመር ይበቃል። ለምሳሌ አራስ ሕፃንን በአምቡ ባግ ማስተንፈስ በአሻንጉሊት ላይ የተማሩ ተማሪዎች “በሥልጠናው ረክተናል” ማለታቸው ያማረ ግራፍ ይወጣዋል። ነገር ግን ይህ ክህሎት ልምምድ ካልተደጋገመበት እንደሚላላ የታወቀ ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ በሌሊት፣ ያለ ረዳት፣ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን ሲገጥመው ተመራቂው በመጀመሪያው ደቂቃ ምን ያደርጋል? ይህን የሚከታተል ጥናት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቁጥሩም አነስተኛ፣ ግራፉም የማይማርክ ሊሆን ይችላል። ዳኝነቱ ፈጣኑን ከሸለመ ወጣቱ መምህር ምን ቢያጠና እንደሚያዋጣው ይማራል።

ሌላው ጉድለት ወረቀቱ ከጉባኤ በኋላ የሚሄድበት ቦታ ነው። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሕዝብ ቆጠራ ተካሂዶ ከ1987 ጀምሮ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት ሲመዘገብ ቆይቷል። በቡታጅራና አካባቢዋ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ላይ በተደረገው ጥናት ደግሞ ከ68,000 በላይ ሰዎች ተመርምረዋል። በእነዚህ ሥራዎች በርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ሠልጥነዋል፤ አገሪቱም ተጠቅማለች። ይሁን እንጂ መረጃው የተገኘው በየቤቱ በር እየተንኳኳ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከቡታጅራ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው እንሴኖ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ስለ አካባቢው የሚናገር ፖስተር ቢያገኝ፣ በእንግሊዝኛ የተጨናነቀ ሰንጠረዥ መስቃንኛ ወይም ማረቆኛ ለምትናገር እናት ምን ብሎ ያስረዳበታል?

በአንጻሩ በጤና ጣቢያዎች የክትባት ክፍል የሚሰቀለው የክትትል ቻርት አለ። ማንም አልሸለመውም። የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት የወሰዱ ሕፃናት በአንድ መስመር፣ ሦስተኛውን የወሰዱት በሌላ መስመር በየወሩ በእስክሪብቶ ይሰመራሉ። 200 ጀምረው 150 ከጨረሱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት 25 በመቶ ያቋረጡ መኖራቸውን ያሳያል፤ ነርሷም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በየትኛው ቀበሌ እንደቀሩ መጠያየቅ ይጀምራሉ። (ቻርቱ በወቅቱ ካልተሞላ ጌጥ ብቻ እንደሚሆን ሳይዘነጋ።) ፖስተር ሲፈለሰፍ የታሰበው ውይይት እዚህ ይካሄዳል።

ውድድሩ ይቅር ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ለብዙ ወጣት ባለሙያዎች ሥራቸውን በአደባባይ የሚያሳዩበት የመጀመሪያው ዕድል እሱ ነው። መስተካከል የሚገባው ዳኝነቱ ነው። ዳኞች ፖስተሩን ከማየታቸው በፊት አጽሕሮተ ጥናቱን አንብበው ለጥያቄውና ለዘዴው ነጥብ ቢሰጡ የቀለሙ ተጽዕኖ ይቀንሳል። ከአቅራቢው ጋር ለሚደረገው ውይይት ቢያንስ ግማሹን ነጥብ መመደብም ይቻላል። አቅራቢው ውጤቱን መረጃ ለሰጠው ጤና ጣቢያ ማሳወቁንና እዚያ የተሰጠውን አስተያየት እንዲያስረዳ ቢጠየቅ፣ መልስ ያለው ሰው ያ መልስ በነጥብ ይያዝለት።