ካውያ የነካው ድምፅ

ደሴ ፒያሳ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሞ ማዳመጥ ስለ ዘመኑ ዘፈን ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። ባጃጁ የራሱን ይዘፍናል፤ የሞባይል መሸጫው ድምፅ ማጉያውን ደጃፉ ላይ ደቅኖ የራሱን ይዘፍናል፤ ጭማቂ ቤቱም የራሱን። በመካከሉ የሚኒባሱ ረዳት "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!" እያለ በገዛ ጉሮሮው ይጣራል። እኔ ታዲያ ከዚህ ሁሉ ትርምስ መሀል የሰው ድምፅ ሆኖ የሚሰማኝ የረዳቱ ብቻ ከሆነ ሰነበተ። ዘፋኞቹ ብዙ ናቸው፤ ድምፁ ግን አንድ ነው። ወንዱም ሴቷም፣ የጎጃሙም የወሎዋም በአንድ ካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ መስለዋል። አንድ እጥፋት የለ፣ አንድ ጭምደዳ የለ።

"ይኸው ደግሞ ጀመረው! ማስተማር የተወ መምህር ሥራው ዘመንን መውቀስ ነው" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ኧረ አይደለም! እኔ ከማሽን ጋር ጠብ የለኝም። ማሽን ባይኖር ኖሮ አምባሰልን ከሰርግ ቤት ውጭ አልሰማትም ነበር። ጠቤ ከሌላ ነገር ጋር ነው፤ እሱን ለመናገር ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የዘፈናችን ታሪክ የመቅጃ መሣሪያ ታሪክም ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ መሣሪያዎቹም የመጡት ከዚያው ነውና።) በ1908 ወደ ጀርመን የተሻገሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈኖቻቸውን እዚያው በሸክላ አስቀዱ። አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ "ተቀበል!" እየተባለ ሲያወርደው የሚያድረውን ግጥም ሸክላ በጥቂት ደቂቃ ጨርስ አለ። በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተሙን መብት አገር ፍቅር ለብቻው ይዞት የነበረበትን ደንብ ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላም የአለማየሁ እሸቴ ነበር። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ስለዚህም የዘመኑ ዘፈን ቁጥብ ሆነ፤ መግቢያ፣ ሁለት ሦስት አንጓ፣ የሳክስፎን ጣልቃ፣ መዝጊያ። ግጥም አስተምር በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎቼ ያን ዘመን የምጠቅሰው ለቁጥብነቱ ነበር። ቁጥብነቱ ከገጣሚው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከሸክላዋ ስፋትም ነው።

ካሴት ሌላ ጠባይ አመጣ። በደርግ ዘመን ሸክላው መንምኖ ሲጠፋ ቦታውን የወረሰው ካሴት በአንድ ጎኑ ግማሽ ሰዓት ይይዝ ነበር፤ አድማጩም በአንድ ካሴት አሥር ያህል ዘፈን መጠበቅ ለመደ። አሥር ዘፈን ማለት አሥር ግጥም ነው። የግጥሙም የዜማውም ደራሲ ስሙ ሽፋን ላይ የሚነበብ ባለሙያ ሆነ። ካሴት ርካሽ ስለሆነና ቤት ውስጥም ስለሚገለበጥ ገጠር ገባ። ማሪቱ ለገሰ በብዙዎቻችን ቤት የገባችው በካሴት ነው። መንዙማውም እንዲሁ፤ የወሎ ሐድራ ከድቤውና ከጭብጨባው ጋር ተቀድቶ በአውቶቡስ አገር ለአገር የዞረው በካሴት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልወርውር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ "ኤትዮፒክስ" በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ የድሮ ሙዚቃችንን ለዓለም አሰምቷል። ውለታው ትልቅ ነው። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች ጂም ጃርሙሽ በሠራው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገቡ፤ በ2010 ደግሞ ናስ የተባለው ራፐር ከዴሚያን ማርሊ ጋር ሆኖ የሙላቱን ዜማ ቆርጦ ዘፈኑ ውስጥ ሰፋው። እሰየው! ነገር ግን ተከታታዩ ክራሩንም በገናውንም ያካተተ ቢሆንም ዝናው የተተከለው በሸክላው ዘመን ላይ ነው። እኛም ያንኑ ተቀብለን "ወርቃማው ዘመን" ስንል ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ብቻ ማለታችን ሆነ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ወሎ በካሴት የዘፈነችው ሁሉ ከወርቁ ውጭ ሊቀር ነው። ሰብሳቢው ሸክላ ስለሚወድ ብቻ የካሴቱ ዘመን ነሐስ ተባለ ማለት አይደል?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሸክላም ካሴትም የዘፈኑን ርዝመት ወሰኑ፤ የዘፋኙን ጉሮሮ ግን አልነኩም። እንዲያውም የዚያን ዘመን ሰዎች ከባህር ማዶ የመጣውን መሣሪያ ነበር አማርኛ ያስተማሩት። ጌታቸው መኩሪያን አስታውሱ። ሳክስፎን ከአውሮፓ የመጣ መሣሪያ ነው። ጌታቸው ግን ሽለላና ፉከራን አስገባበት። ቧንቧው እንደ ጀግና አቅራራ፣ እንደ ጀግና ተቆጣ። ኃይሉ መርጊያም በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወጥቶ፣ በታክሲ ሹፌርነት ይኖር የነበረውን ሰውዬ ወደ መድረክ መለሰው። ሲንተሳይዘሩ ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ትዝታው ግን የእኛው ነው። ሰው ያዛል፤ ዕቃ ይታዘዛል።

ካውያው ታዲያ ምንድን ነው? ስሙ አውቶቲውን ነው። የፈለሰፈው አንዲ ሂልደብራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ቀድሞ ሙያው ሌላ ነበር፤ የድምፅ ሞገድ ወደ መሬት እየላኩ ነዳጅ ዘይት የት እንዳለ የሚፈልጉበትን ስሌት ይሠራ ነበር። ያንን ዕውቀት ይዞ በ1997 ከድምፅ ውስጥ የሳተችውን ኖታ ፈልጎ የሚያቃና ፕሮግራም አወጣ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ዘፋኝ ጥሩ ዘፍኖ አንዲት ቦታ ላይ ቢስት እንደገና ከሚደክም ያቺን ብቻ ማቃናት።

አሜሪካኖቹ ግን ምን አደረጉ? በ1998 ሼር የተባለችው ዘፋኝ የማቃኛውን ፍጥነት እስከ መጨረሻው አስጠብቃ ድምፅዋን ሆን ብላ ሮቦት አስመሰለችው። ከ2005 ጀምሮ ቲ-ፔይን ያንኑ ወስዶ የግል ቀለሙ አደረገው። ከዚያም በፊት፣ በ1980 የወጣው የሮላንድ 808 የከበሮ ማሽን የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ አይሰጥም ተብሎ ገበያ አጥቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ምርቱ ቆመ። ልባሽ ሆኖ በርካሽ ሲሸጥ ገንዘብ ያልነበራቸው ወጣቶች ገዙት፤ ሂፕሆፕም የልብ ትርታውን ከዚያው አገኘ። ዘፈናቸውን ውደዱት ወይም ጥሉት፣ አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም፤ ማሽኑን ካልተሠራበት ዓላማ ላይ አውለውታል። ሮቦቱን "እኔ ሮቦት ነኝ" አስብለውታል እንጂ ሰው አስመስለው አልደበቁትም።

እኛ ዘንድ ግን ማሽኑ የሚገባው ተደብቆ ነው። "አሳማረው" ይባላል፤ የሚያደርገው ግን ማስተካከል ነው። ለመሆኑ ከምን ጋር ነው የሚያስተካክለው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ወሎን የሚነካት። የታወቁት ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። አራቱም የወሎ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ልተውና፣ ሁለቱ ግን የአገር ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ አምባሰል በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ ስትወጡ ነው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ይዟል። ክራር መቺው አምስቱን የሚቃኘው በጆሮው፣ ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲመች አድርጎ ነው። ማሲንቆማ ጭራሽ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ነው፤ ጣት እንደ ልቧ የምትንሸራተትበት፣ አጥር የሌለው ሜዳ። ኪቦርድ ግን አንዱን ስምንዮሽ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ከፍሎ በመካከላቸው ግድግዳ ሠርቷል። አውቶቲውን ሲከፈት የሚታዘዘው ለዚሁ ግድግዳ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንከባለለች የምትሄደውን የአምባሰል ጉሮሮ መሀል መንገድ ላይ ሲያገኛት "ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ!" ይላታል።

የዜማ ሊቃውንቶቻችን ይህችን መንከባለል እንዴት ነበር ያዩዋት? በያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች መካከል "ርክርክ" የሚባል አለ። "ሂደት"ም አለ። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደነገጓቸው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። እንግዲህ የጉሮሮን መንቀጥቀጥ እንደ ስህተት ሳይሆን እንዳይጠፋ በምልክት ሊጻፍ የሚገባው ነገር አድርገው ቆጥረውታል ማለት ነው። እነሱ በቀለም የጻፉትን ዛሬ በአንድ ቁልፍ እንፍቀዋለን።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረች ሴት ልጇ ጥሩ ትዘፍናለች። ከአያቷ የተማረችውን አምባሰል አንድ ስቱዲዮ ሄዳ ተቀዳች። ቅጂው ሲመጣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሰማ፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። አያትየው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡና "ደግ ነው፣ ደግ ነው… ይች የማን ልጅ ናት?" አሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣለች!

አቀናባሪውን ኋላ አግኝቼ ጠየቅሁት። ጨዋ ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ ድምፅዋ ከትራኩ ይወጣ ነበር፤ አስተካከልንላት።"

"አምባሰል መስሎህ ነው ወይስ ስህተት መስሎህ?"

ሳቀ። "ጋሼ፣ ሰዉ የለመደው እንዲህ ነው። ያለዚያ በስልክ የሚሰማት የለም። ደግሞ ድሮስ ኢኮ አያስገቡም ነበር እንዴ?"

መልሱ ሊናቅ አይገባም። እውነት ነው፣ የድሮ ቅጂም ባዶ አልነበረም፤ ማስተጋቢያ ነበረው፣ የካሴት ሽሽታም ነበረው። ማስተጋቢያ ግን ዘፋኟን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያቆማታል እንጂ ሌላ ሴት አያደርጋትም። ደግሞም ማሽኑ ራሱ በምርጫ ነው የሚሠራው። የትኞቹን ድምፆች እንዲያውቅ ባለሙያው ይነግረዋል፤ በምን ያህል ፍጥነት እንዲያቃናም ይወስናል። ፍጥነቱ ከለዘበ ርክርኩ ይተርፋል፤ ከጠበቀ ይፋቃል። ስለዚህ "ማሽኑ ነው" የሚባል ምክንያት የለም። ቁልፉን ያዞረው ጆሮ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ጆሮ ነው። ዛሬ ፒያሳ ላይ የሚያድግ ልጅ አምባሰልን ከአያቱ አፍ የመስማት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የሚሰማው ከባጃጅና ከስልክ ነው። በየቀኑ የተተኮሰውን እየሰማ ካደገ ትክክለኛው እሱ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሰርግ ቤት አሮጊቷ ብድግ ብለው ሲያዜሙ "እማማ ከትራኩ ወጡ" ይላል። ያኔ አምባሰል የምትጠፋው ማንም ሳይከለክላት፣ ስሟም የዘፈን ርዕስ ሆኖ እንደ ተጻፈ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፈን እንዳይሰረቅ ይከላከል ይሆናል፤ እየተሸጠ፣ እየተመሰገነ ከሚጠፋ ጉሮሮ ግን ምን አዋጅ ይከላከላል?

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። አቀናባሪዎች ሆይ፣ ባህላዊ የሚል ስም በምትለጥፉበት ዘፈን ላይ ማሽኑን ወይ አጥፉት ወይ አለዝቡት። ገበያው አስገድዷችሁ ከተኮሳችሁም ያልተነካውን ቅጂ አትደምስሱ፤ አንድ ፋይል ቦታ አይፈጅም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ አለው፤ የሙዚቃና የፎክሎር ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች አንድ ደህና ማይክሮፎን ይዘው አምባሰልና ባቲ ቢወጡ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከበቂ በላይ ያገኛሉ። እኛ አድማጮች ደግሞ ቢያንስ ልጆቻችንን ሰርግ ቤት ስንወስዳቸው ከድምፅ ማጉያው ራቅ አድርገን ከአሮጊቶቹ አጠገብ እናስቀምጣቸው።